የትኩስ ጎማ ንፋስ

ጎሚስታ ቤት በገባሁበት በመጀመሪያው ቀን አለቃዬ ጋሽ ተካልኝ ሦስት ደንበኞች ሲመልስ አየሁ። ሦስቱም ከሸዋ ሮቢት ዳገቱን ወጥተው ደብረ ብርሃን የደረሱ ናቸው። «ንፋሱን ጠዋት እንለካዋለን፤ አድራችሁ ኑ» አላቸው። ሁለቱ ወደ ማዶው ጎሚስታ ሄዱ። እኔ የጫኝና አውራጅነት ሥራዬን ትቼ የመጣሁ የሃያ ስድስት ዓመት ሰው ነበርኩ፤ ሰውዬው ሰነፍ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ሥራው ግን ቶሎ ገባኝ። መኪናውን በክሪክ ማንሳት፣ ጎማውን ከቸርኬው ማላቀቅ፣ ቀዳዳውን ውሃ ውስጥ ነክሮ በአረፋው መፈለግ። በዓመቴ ከጋሽ ተካልኝ እኩል እሠራ ነበር፤ ይህን ስናገር አላፍርም።

ሹፌሮች ጎማ በእግራቸው መታ መታ አድርገው «ደህና ነው» ሲሉ እስቅባቸው ነበር። እኔ የማምነው መለኪያ ነው። በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ የተለጠፈውን የንፋስ ልክ ጽሑፍ አነብና ልክ እንዳለው አደርጋለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ተካልኝ ለቅሶ ሄዶ ብቻዬን ነበርኩ። ኢድሪስ የሚባል የአልዩ አምባ ነጋዴ ትልቁን ፒካፑን ሲሚንቶ ጭኖ ከአዲስ አበባ መጣ። በማግስቱ ደብረ ብርሃን ዘመድ ዘንድ የሰነበቱትን ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ በአንኮበር በኩል አገሩ ሊወርድ ነው። የኋላ ጎማዎቹን ለካሁ፤ ዘጠና ሁለት። ጽሑፉ ለሙሉ ጭነት ሰማንያ ይላል። ንፋሱ በዝቷል፣ ቁልቁለቱ ላይ ጎማውን ያፈነዳብሃል ብዬ ሁለቱንም ወደ ሰማንያ አወረድኳቸው። አመስግኖኝ ሄደ።

በማግስቱ ከሰዓት ፒካፑ ባዶውን፣ ቀስ እያለ ተመለሰ። ኢድሪስ አንኮበር ላይ ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት ሊሰግድ ወርዶ ውዱእ ሲያደርግ የተቃጠለ ጎማ ሸቶታል። ቢነካው እጁን ፈጀው፤ የአንደኛው የኋላ ጎማ ጎን አብጦ ተሰነጣጥቋል። ጭነቱን አራግፎ፣ በትርፍ ጎማው ቀይሮ፣ ቤተሰቡን እዚያው ትቶ ነው የመጣው።

«ልጆቼ ከኋላ ወንበር ተኝተው ነበር» አለኝ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔ በሩን ከፍቼ ጽሑፉን አሳየሁ፤ ያለኝ መከላከያ እሱ ብቻ ነበር። ከለቅሶ የተመለሰው ጋሽ ተካልኝ አልተከራከረኝም። መኪናው እዚሁ ይደር አለ።

ጠዋት መስታወቱ ላይ ውርጭ ነበር። መለኪያውን እጄ ላይ አኖረና ያልተቀየረውን የኋላ ጎማ ለካ አለኝ። ስልሳ ዘጠኝ።

«ሰማንያው የዚህ ሰዓት ነው» አለ ጋሽ ተካልኝ። «ጎማ ሲሮጥ ይግላል፣ ሲግል ንፋሱ ይጨምራል። ሠሪዎቹ ያንን አስበው ነው የጻፉት። አንተ ሙቀቱን ትርፍ ብለህ አስተነፈስከው። ጎማው ሲበርድ ጎደለ፤ የጎደለ ጎማ ደግሞ ከጭነት በታች እየተጣጠፈ ራሱን ያቃጥላል።»

አድራችሁ ኑ ይል የነበረው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ከዚያ አዲስ ጎማ አስገባሁ፣ ሁለቱንም ሰማንያ ሞላሁና አብሬው ልውረድ ብዬ ኢድሪስን ለመንኩት። እሺ አለኝ።

አንኮበር ላይ ሲሚንቶውን መልሰን ጫንን፣ ቤተሰቡ ተሳፈረ፣ ቁልቁለቱን ጀመርን። መካከል ላይ አስቁሜ ለካሁ፤ ሰማንያ ስምንት። እጄ ወደ ቫልቩ አልሄደም። ፀሐይ ሳትጠልቅ አልዩ አምባ ገባን።

ዛሬ ጎሚስታ ቤቱ የእኔ ነው። ባለፈው ወር አንዲት ወጣት ጭነት የያዘ ፒካፕ እየነዳች ከሰዓት በኋላ መጣች። አፌን ሳልከፍት ቁልፉን አቀበለችኝ። «ጋሼ፣ የኢድሪስ ልጅ ነኝ። ይደር፣ ጠዋት ትለካልኛለህ» አለችኝ። ያን ቀን ከኋላ ወንበር ከተኙት አንዷ ናት።

በሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀዘቀዘ ጎማ ቁጥር ነው። ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሳ ይለካል።