ከመርሳ የተሳፈረው አውሮፕላን

ነርሷ መቅደላ ወደ ወልድያ በምትሄድበት ሚኒባስ ውስጥ ከጎኗ የተቀመጠውን ሰው አታውቀውም። ጸጉሩ ገብስማ ነው፤ የኮቱ ክርን ተጥፏል፤ ጣቶቹ ላይ ሙጫ ደርቋል። ጭኑ ላይ ያስቀመጠው በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ከፎም በእጁ የሠራው ትንሽ ሞዴል አውሮፕላን ነበር። መርሳ ላይ ረዳቱ ጣራ ላይ ልጫነው ቢለው፣ "መጀመሪያ እኔን ጫነኝ!" ብሎ አፍጥጦበታል።

መንገድ ላይ ባለ ኬላ ፈታሹ ጋቢውን ገለጠና፣ "ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?" እያለ ክንፉን ጫን ቢያደርገው ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

የሰውዬው የአንገት ሥር ተገታተረ።

"ልጄ ወልድያ እናቷ ጋ ናት። ከጦርነቱ ወዲህ ሰማይ ላይ የሚያጉረመርም ነገር ከሰማች አልጋ ሥር ነው የምትገባው። ይኼን ግን በስልክ እያወራን፣ እሷ እየሳለች እኔ እየቆረጥኩ አብረን ሠራነው። ዛሬ እንደኛ ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች በሚያበሩበት ሜዳ ራሷ ልታስነሳው እየጠበቀችኝ ነው። ምን ልበላት? ንገረኛ!"

መቅደላም ደሟ ፈልቶ ፈታሹን በዓይኗ ወጋችው።

"ይቅርታ ጋሼ፣ ሥራዬ ሆኖብኝ ነው" አለ ፈታሹ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ይቅርታህን ተወውና ይኼን ያዝ!" ሰውዬው ከኪሱ ሙጫ አውጥቶ ስብራቱን ቀባና ገጠመው። "እስኪደርቅ እንዳትነቃነቅ።"

ፈታሹ መሣሪያውን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ክንፉን በሁለት እጁ ይዞ ፀሐይ ላይ ቆመ። ከተሳፋሪው አንድም "ረፈደብን" ያለ አልነበረም። ሾፌሩም ሞተሩን አጠፋ።