አዲሱ ፕሮሰሰርና የአባቴ ፊልሞች

አባቴ ፒያሳ ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ ፎቶ ሲያነሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ስቱዲዮው ሲዘጋ የፊልም ኔጋቲቮቹን በካርቶን አድርገው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ባለው ቤታችን ጓዳ ውስጥ ደረደሯቸው። ሰፈሩ ይፈርሳል የሚለው ወሬ ሲበረታና ከላይኛው መንገድ ጀምሮ በየግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር መጻፍ ሲጀመር፣ ቤቱን ሳንለቅ ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር ልናስገባ ተስማማን።

እኔ ስካን አደርጋለሁ፤ እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ፎቶው ላይ ያለው ሰው ማን እንደሆነ ይነግሩኛል።

«ይቺ የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ልጅ ናት። ለፓስፖርት ነው የተነሳችው፤ ግን አልሄደችም» ይሉኛል። እኔ እጽፋለሁ።

ችግሩ ኮምፒውተሩ ነበር። አቧራና ጭረት የሚያጠፋው ፕሮግራም ለአንድ ፎቶ ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። ስንጠብቅ አባቴን እንቅልፍ ሸለብ ያደርጋቸዋል፤ ስቀሰቅሳቸው የማንን ፎቶ እያየን እንደነበር ይጠፋባቸዋል። ከላይኛው መንገድ በኩል ደግሞ የሚፈርስ ቤት ድምፅ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀረበ ይመጣል።

«ፕሮሰሰሩን፣ ስሌቱን የሚሠራውን ቺፕ፣ በፈጣን እቀይረዋለሁ» አልኳቸው።

«ቀስ ብሎም ቢሆን እየሠራ ነው እኮ። አትነካኪው» አሉኝ።

ነካካሁት።

ማዘርቦርዱን፣ ፕሮሰሰሩ የሚሰካበትን ዋና ሰሌዳ፣ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ፒያሳ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ወደምትሠራ ኮምፒውተር ጠጋኝ ሄድኩ። በኔ ዕድሜ ያለች፣ ሻርፗን ወደ ኋላ አስራ የምትሠራ፣ ወሬ የማታበዛ ሴት ናት። ከጎኗ ያሉት ሱቆች ባዶ ነበሩ። የሷም ዕቃ ግማሹ በካርቶን ታሽጓል። የመረጥኩትን ፕሮሰሰር ነገርኳት።

«መሰኪያው አንድ ዓይነት ነው፤ ቦርዱ ላይ ይገባል» አለች።

«ታዲያ ጨረስን።»

«መግባትና መሥራት ይለያያል።»

ፎቶውን አጉልታ የቦርዱን ስምና ከሥሩ ያለውን ትንሽ ቁጥር አነበበች፤ ከዚያ ፋብሪካው ያወጣውን ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ ከፈተች። ፕሮሰሰሩ ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ከጎኑ ግን የባዮስ ቁጥር ተጽፏል።

«ባዮስ ማለት ቦርዱ ሲነሳ ከሁሉ በፊት የሚያነበው ፕሮግራም ነው። ያንቺ አሮጌ ነው፤ ይሄን ፕሮሰሰር አያውቀውም። አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይወጣ መጀመሪያ ባዮሱ ይታደሳል፤ ከዚያ ትቀይሪያለሽ።»

«ብዙ ይፈጃል?»

«አራት ደቂቃ። በዚያ መሃል መብራት ከሄደ ግን ቦርዱ አይነሳም። እዚህ አምጪውና ልሥራልሽ።»

«ቤት ዩፒኤስ አለን» አልኳት።

ውሸት አልነበረም። መብራት ሲሄድ የሚተካው ባትሪው ይያዝ አይያዝ ግን ከሞከርኩት ዓመታት አልፈዋል። ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ዳገቱን መውጣት ታክቶኝ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

የባዮሱን ማደሻ ፋይል ፍላሽ ላይ ስትገለብጥልኝ ከገጹ ግርጌ አንድ መስመር አየሁ፤ ቦርድዎ ያለ ችግር የሚሠራ ከሆነ ባዮሱን አያድሱ ይላል።

«ይሄን ለሁሉም ነው የሚጽፉት» አልኩ።

«አይተው ነው የሚጽፉት» አለችኝና ፍላሹን ከገዛሁት ፕሮሰሰር ጋር ሰጠችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ባዮሱን ማደስ ጀመርኩ። ከጓሯችን ያለው ቤት ተለቅቆ ኤክስካቫተር ገብቶበት ነበር፤ ወለሉ ከእግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል። አባቴ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። ሃያ ሦስት በመቶ። አርባ። ወደ ጓሮ አንድ ነገር በኃይል ወደቀና ሰዎች «ሽቦው! ሽቦው!» እያሉ ተንጫጩ። ስድሳ ሁለት በመቶ ላይ አምፖሉ ጠፋ። ዩፒኤሱ አንድ ጊዜ ረዘም አድርጎ ጮኸ፤ ስክሪኑም ጠቆረ።

«መብራት ነው፤ ይመጣል» አሉ አባቴ።

ከሰዓት በኋላ መጣ። ኮምፒውተሩ ሲበራ ማራገቢያው ይዞራል፤ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የለም። ደጋግሜ ሞከርኩት። ያኔ ተሸክሜው ዳገቱን ወጣሁ።

ጠጋኟ ከፍታ አየችው። «ባዮሱ ያለበትን ቺፕ አውጥቼ እንደገና የምጽፍበት ማሽን ነበረኝ፤ ወደምዛወርበት ቦታ ከተላከው ዕቃ ጋር ሄዷል። ሌላ ቦርድ ልፈልግልሽ» አለች። ፕሮሰሰሩንም ያለንን ሚሞሪም የሚቀበል ቦርድ ለማግኘት ዘጠኝ ቀን ፈጀባት።

በስድስተኛው ቀን አባቴና እኔ የምንገባበትን ኮንዶሚኒየም ለማየት ሄድን። ስንመለስ የጓዳው የጭቃ ግድግዳ ተሰንጥቆ ጠበቀን፤ ደግፎት የኖረውን የጎረቤት ግንብ በሌለንበት አፍርሰውታል። ዝናብም ጥሏል። ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ከታች ያሉትን ካርቶኖች አርሷቸዋል። አባቴ ቁጢጥ ብለው አንዱን ከፈቱ። ፊልሞቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል። ቀና ብለው አላዩኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ኮምፒውተሩን ባልነካው ኖሮ በነዚያ ቀናት ስንቱን እናስገባ እንደነበር እሳቸውም እኔም እናውቃለን።

ኮንዶሚኒየሙ ከገባን በኋላ ጠጋኟ ራሷ አዲሱ ቤት መጥታ ቦርዱንና ፕሮሰሰሩን ገጠመችልን፤ የራሷንም ዩፒኤስ ይዛ ነበር። የመጀመሪያው ፎቶ ደቂቃ ሳይሞላ ጸዳ። አባቴ ግን አጠገቤ መጥተው አልተቀመጡም። ሳፋ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልተው የተጣበቁትን ፊልሞች እየነከሩ፣ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ቀስ እያሉ ያላቅቃሉ።

«ይላቀቃል?» አልኳቸው።

«አንዳንዱ።»

አንዱን አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት። ፊቱ ታጥቦ ሄዷል፤ ትከሻና የኮት ኮሌታ ብቻ ቀርቷል።

«ማን ናቸው?»

ብዙ አዩት። «እንጃ» አሉና መልሰው ውሃው ውስጥ ከተቱት።