የቁልፉ ባለቤት

የቺፕ ንድፍ ሠሪዎቹ ኮምፒውተር ድንገት ሲጠፋ፣ ስማቸው ያለበት ቁልፍ ፋይሉ ላይ ይቀርና ሌላ ሰው ሊሠራበት አይችልም። ቁልፉን የሚፈታላቸው አንድ ክርኑ ላይ የሳሳ ሹራብ የማያወልቅ ሰውዬ ነው። የሰው ድካም ውሃ እንዳይበላው፣ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ቁልፍ ከሚነካ ሞቱን ይመርጣል። «ፋይሉ ውስጥ ነህ ወይስ ወጥተሃል?» ይላል በስልክ፣ በደከመ ድምፅ፣ በቀን ሠላሳ ጊዜ።

ዛሬ አዲሷ ንድፍ ሠሪ ዘጠኝ ዓመት ተቆልፎ የከረመ ፋይል ላስከፍት ብላ መጣች። ቁልፉ ላይ ያለውን ስም አብረው አነበቡት።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ስም እኮ ነው! ንድፍ ይሠሩ ነበር እንዴ?»

«ቆዪ፣ ባለቤቱን ልጠይቅ።»

ስልኩን ግን አላነሳም። መነጽሩን በሹራቡ ጫፍ ወልውሎ ስሙን ትክ ብሎ ሲያየው ቆየ።

«ወጥቷል» አላት በመጨረሻ። «ግቢበት።»