ባርኔጣው ሚስማሩ ላይ ነበር

የእናቴ ወንድም ስለነበሩ ኤሱማ እላቸው ነበር። ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ ነቀምቴ ውስጥ ገጣሚ ነኝ የሚል ሁሉ እሁድ ከሰዓት እሳቸው ቤት ይሰበሰባል። ሕጋቸው አንድ ነበር፦ የሌላ ሰው ግጥም በቃልህ ይዘህ ትመጣለህ፣ ምኑ እንዳስቀናህም ትናገራለህ።

«የራስህን ለእናትህ አንብብላት» ይሉ ነበር። «እሷ ወልዳሃለች፣ ምን ታድርግ!»

አንድ መምህር ግን አያስችለውም። የሰው ግጥም ሁለት መስመር ይልና «ይህ የኔን አስታወሰኝ» ብሎ ወረቀት ከኪሱ ያወጣል። ያኔ ኤሱማ ባርኔጣቸውን ከሚስማሩ አንስተው ይወጣሉ። ከገዛ ቤታቸው! ዝናብም ቢሆን እስኪጨርስ አጥሩ ሥር ይቆማሉ። ከዚያ ይመለሱና «ቶሌ፣ እሺ፣ አሁን ግጥም ያለው ማነው?» ይላሉ።

ባለፈው እሁድ አርባቸው ነበር። እነዚያው ገጣሚዎች መጡ፤ ሁሉም የየራሱን ሙሾ ጽፎ። አንዱ ሲያነብ ሌላው የራሱን ወረቀት ያገላብጣል። ከዚያ ሁሉ ሙሾ ውስጥ ኤሱማን ፈልጌ አጣኋቸው። እሳቸው ይወዱት ከነበረው ግጥም አንዲት ስንኝ እንኳ ያነሳ አልነበረም። መምህሩማ ጭራሽ አንብቦ ሲጨርስ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «የኔዋ እንዴት ነበረች?» አለኝ።

ቀና ስል ባርኔጣው ሚስማሩ ላይ ነው። አነሳሁት፣ አደረግሁትና ወጣሁ።

አጥሩ ሥር እሳቸው ይቆሙባት የነበረችው ቦታ እስካሁን ሣር አልበቀለባትም።