አንዴ ብቻ የተጠየቀችው የልጅ ልጄ

የልጅ ልጄን አንድ ጊዜ ጠይቀው ተዉአት። እንዲታወቅልኝ የምፈልገው በደል ይኸው ነው። ለሌላ አገር ሰው ትንሽ ይመስለው ይሆናል። ቆቦ ውስጥ ያወራሁላቸው ሰዎች ግን ትንሽ ነው አላሉኝም፤ ሁሉም እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «አንዴ ብቻ?» ነው ያሉኝ።

ልጅቷን ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ የምጠራትም ልጄ ብዬ ነው። እኔ ጾሜንም በዓሌንም የማልለቅ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ። እሷ ግን እንደ ሟች እናቷ ጸሎት ቤት ትሄዳለች። በዚህ ነገር ስንጨቃጨቅ፣ ስንኳረፍ ኖረን በመጨረሻ ደክሞን ተውነው። ጸሎት ቤቱ ከግቢዬ አጥር ለአጥር ስለሆነ መዝሙራቸውን ሳልፈልግ አውቄዋለሁ፤ አንዳንዴ ማሽላ ስለቅም አፌ ላይ ይመጣና በራሴ እናደዳለሁ።

በጦርነቱ ጊዜ የጸሎት ቤቱ ወጣቶች ገሚሱ ወደ ደሴ፣ ገሚሱ ወደማይታወቅ ቦታ ተበታተኑ። ነገሩ በረድ ሲል ቤት ለቤት እየዞረች የሰበሰበቻቸው እሷ ናት። ወንድሙ የሞተበትን ታጽናናለች፣ የተጣሉትን ታስታርቃለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ታስተምራለች። መሪ ብሎ የሾማት የለም፤ መሪያቸው መሆኗን የማያውቅም የለም።

አንድ ጊዜ፣ አጨዳ ካለቀ በኋላ፣ ከባሕር ማዶ እንግዶች መጡ። የወጣት መሪዎችን ሊያሠለጥኑ ነው ተባለ። አለቃቸው ቀጭን፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴትዮ ናት፤ ፀሐያችን ፊቷን እንደ በርበሬ አቅልቶታል። ከአዲስ አበባ ያመጡት አስተርጓሚ ደግሞ በዚያ ሙቀት ኮቱን አላወልቅም ብሎ ላቡን ይጠርጋል። እኔም በርጩማዬን ይዤ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ማንም ተነሺ አላለኝም።

ሥልጠናው ግራ የሚያጋባ ነበር። አንዱ ጀርባውን ሰጥቶ ዓይኑን ይጨፍንና ወደ ኋላ ይወድቃል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል። ደግሞ ሌላው ይወድቃል።

አስተርጓሚውን ጠራሁት። «ልጄ፣ ምን ሆነው ነው የሚወድቁት?»

«መተማመንን እየተማሩ ነው፣ እናታችን።»

«እነዚህ ልጆች በአንድ ጉድጓድ ተደብቀው ያደሩ ናቸው። ምኑን ነው የሚማሩት?»

ሳቀና ሄደ። ለሴትዮዋ ይንገራት አይንገራት አላውቅም።

በመጨረሻው ቀን ሴትዮዋ ቆመች። አስተርጓሚው እንዲህ አለ፦ «ከእናንተ መካከል ወጣቶቹን የሚመራው ማነው? ለእሱ ኬንያ ውስጥ ረዘም ያለ ሥልጠና ተዘጋጅቷል፤ ሄዶ ይማርና ተመልሶ ይመራችኋል።»

ሁሉም ወደ ልጄ ዞሩ። እሷ ብድግ አለች፤ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ መሬት መሬት እያየች፣ «ኧረ እኔ ምን አለኝ፤ ከእኔ የሚሻሉ አሉ። እሱ ይሁን» ብላ መዝሙር ላይ ኪቦርድ የሚመታውን ልጅ አሳየች።

እስከዚህ ድረስ ምንም ስህተት የለም። ጨዋ ልጅ እንዲህ ነው የምትመልሰው። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው እምቢታ መልስ አይደለም፣ የመልስ መግቢያ ነው። ቤትሽ የመጣ ሰው «በልቻለሁ» ቢልሽ ማዕዱን ታነሺያለሽ? «በሞቴ» ትያለሽ፣ እጁን ትይዣለሽ፣ ትቆጫለሽ፤ እሱም እየተግደረደረ ይቀመጣል። እኔም በርጩማዬ ላይ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅኩ። ልጆቹም ጠበቁ። ልጄም እንደቆመች ጠበቀች።

ሴትዮዋ ፈገግ ብላ አመሰገነቻትና ወደ ኪቦርድ መቺው ዞረች። እሱ ደንግጦ ጥርሱን አሳየ። ያንን እሺታ ብለው ወሰዱት። እጃቸውን ጫኑበት፣ ጸለዩ፣ አጨበጨቡ። ልጄም አጨበጨበች።

በማግስቱ እንግዶቹ እንዲሁ ሊያሠለጥኑ ወደ ጎረቤታችን ከተማ ሮቢት ሄዱ፤ የቆቦው ነገር ግን ተበጠበጠ። ልጄ ቅዳሜ ጸሎት ቤት አልሄደችም። ግማሾቹ ወጣቶች አዲሱን መሪ ብለው እዚያ ተቀመጡ፤ ግማሾቹ ግቢዬ መጥተው ግድግዳ ተደግፈው ጥንቅሽ ይመጥጣሉ። በስንት ልፋት የተሰበሰበ ነገር ዓይኔ እያየ ለሁለት ሊከፈል ነው።

«ከፋሽ?» አልኳት።

«አልከፋኝም። ተይው፣ እማዬ።»

«ካልከፋሽ ለምን አትሄጂም?»

«ተይው አልኩሽ እኮ።»

ኪቦርድ መቺው ራሱ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ያያል።

«እማማ፣ እኔ እኮ ደግመው እስኪጠይቋት እየጠበቅኩ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ምን ብዬ? ገና አፌን ሳልከፍት እጃቸውን ጫኑብኝ። በጸሎት መሃል ይቋረጣል?»

ልጁን ልቆጣው ፈልጌ አቃተኝ። ስለዚህ ወደ ጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ሄድኩ።

«እሷ እኮ በአንደበቷ እምቢ አለች፣ እናታችን» አለኝ።

«ሚስትህን ስትጠይቅ አባቷ በመጀመሪያው ቀን ነው እሺ ያለህ?»

ሳይፈልግ ሳቀ። «ኧረ እሳቸው! ሽማግሌዎቼን ጫማ ነው ያስጨረሱት።»

«እና እምቢ ብለውኛል ብለህ ሌላ አገባህ?»

«እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ።»

«ልዩነቱን ንገረኝ።»

ራሱን አከከ። «እንግዶቹ ናቸው የወሰኑት። ሮቢት ናቸው፣ ሄደው ይጠይቋቸው።»

ሊገላገለኝ ያለው ነገር ነው፤ እሄዳለሁ ብሎ አላሰበም። ልጄን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። እሷ መንገዱን ሙሉ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር።

«እማዬ፣ ታሳፍሪኛለሽ።»

«ማፈርሽ አይደል እዚህ ያደረሰን?»

ሮቢት ስንደርስ ሴትዮዋ ከግራር ጥላ ሥር ተቀምጣ ውሃ ትጠጣለች። አስተርጓሚው አይቶኝ ኮቱን ቆለፈ። ሰላምታ ሰጠሁና በቀጥታ ገባሁበት። «ይህችን ልጅ አንዴ ብቻ ጠይቃችሁ ተዋችኋት። እሷ ምን በደለቻችሁ? ለምን ናቃችኋት?» አልኩ።

አስተርጓሚው ከእኔ ንግግር ይልቅ ብዙ ተናገረ። ምን እንደጨመረበት አላውቅም። ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። እንዲህ ትላለች አለኝ፦ «በእኛ አገር እምቢ ያለን ሰው ደግሞ መጠየቅ ነው ንቀት። ቃሉን አላመንኩም እንደማለት ነው። ያልደገምኩት አክብሬያት ነው።»

ይህን ስሰማ ጭራሽ ዞረብኝ። ለጠብ ነበር የመጣሁት፤ እሷ አክብሬ ነው ትለኛለች፤ ፊቷን ሳየው አትዋሽም። የምጣላበት ነገር ከእጄ ወጣ።

ቀጥላ ጠየቀችኝ። «እንግዲያው እምቢታው የእውነት ሲሆን በምን አውቃለሁ?»

«ይታወቃል» አልኩ።

«በምን?»

ስኖር ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። በድምፁ ልበል? በዓይኑ? ሲነሳ ቀስ ማለቱ ነው ልበል? ወደ ልጄ ዞርኩ፤ ፊቷን እያየሁ እኔ ራሴ መለየት አቃተኝ። ያን ቀን የተግደረደረች ነበር የመሰለኝ። ከልቧ ከሆነስ? ለእሷ ብዬ ስንት ደጅ ስረግጥ፣ የምትፈልገውን በግልጽ አላወጣጣኋትም። «ከፋሽ?» ብዬ ብቻ ነው የጠየቅኳት።

«ደግመሽ ጠይቂያት» አልኳት ሴትዮዋን። ድምፄ ከቅድሙ ዝቅ ብሎ ነበር።

ጠየቀቻት። አስተርጓሚው እንደዚያን ቀኑ አድርጎ ተረጎመው፤ ትመሪያለሽ ወይ፣ ኬንያስ ትሄጃለሽ ወይ።

«ሌላ ሰው ይሁን» አለች ልጄ ወደ መሬት እያየች።

ሴትዮዋ ተጨንቃ አየችኝ። እጄን አወናጨፍኩ፤ ቀጥይ ማለቴ ነው። ነውር የምታደርግ መስሏት አንገቷ ድረስ ቀልታ እንደገና ጠየቀቻት። ልጄ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። አስተርጓሚው ያን ጊዜ ኮቱን አወለቀና፣ ሴትዮዋ ምንም ሳትል፣ በራሱ፣ «እህቴ፣ በሞቴ፤ እውነቱን ንገሪን» አላት።

ልጄ ቀና አለች። መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ ሴትዮዋን አየች።

«ሁለት ነገር በአንድ ላይ ነው የጠየቃችሁኝ» አለች። «ኬንያ መሄዱን እምቢ ያልኩት ከልቤ ነው፤ እሱ ይሂድ፣ ይማር። ልጆቹን መምራቱን እምቢ ያልኩት ግን ይሉኝታ ይዞኝ ነው። እነሱን ለማንም አልለቅም።»