ለሰናይት ያልሰጠሁት ድምፅ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሩት ለዩኒቨርሲቲ ጥናቷ የምትጽፈውን ልታጫውተኝ ቤቴ መጣች። አንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች ፕሬዚዳንቱ በመላው ሕዝብ የድምፅ ብልጫ እንዲመረጥ እርስ በርሳቸው ውል ስለ መግባታቸው ነው። ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ሻዩን ሳትነካ አቀዝቅዛ፣ በዚያ በተቀላቀለ አማርኛዋ ታስረዳኝ ጀመር።

«ጋሼ፣ ኮንስቲቱሽኑን ቼንጅ ማድረግ በጣም ሃርድ ነው። ስለዚህ ስቴቶቹ ምን አሉ? ‹የኛ ስቴት ማንንም ቢመርጥ፣ እኛ ድምፃችንን በአገር ደረጃ ብዙ ሰው ለመረጠው እንሰጣለን› ብለው አግሪ አደረጉ። ግን የሚጀምረው ማጆሪቲ የሚሆኑት ሲገቡበት ነው። ገባዎት?»

ገብቶኛል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚህ ቶሮንቶ በክፍለ ግዛቱ መንግሥት መሥሪያ ቤት ደንብና ውል ሳነብ ኖሬአለሁ። ይህን ውል ግን ያወቅሁት በሥራዬ አልነበረም።

«እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ያለ ውል አርቅቄአለሁ» አልኳት።

«ኖ ዌይ! ለማን?»

«ለዕድር።»

ሳቀች፤ እኔ ግን ሐሳቤ ሄዶ ነበር።

በሱዳን በኩል ቶሮንቶ ከገባሁ ገና ሁለተኛ ክረምቴ ነበር። ሴንት ጄምስ ታውን ውስጥ፣ ሊፍቱ በየጊዜው በሚቆምበት ፎቅ ላይ፣ ከሌሎች ወንደላጤዎች ጋር አንድ አፓርታማ ተጋርተን እንኖር ነበር። ያኔ ጤፍ ወደዚህ ከተማ አልዘለቀም፤ እንጀራችን የስንዴና የበቆሎ ዱቄት ድብልቅ ሆኖ፣ ወጡ ሲነካው ይበጣጠስብን ነበር። ዕድራችን ሦስት ሰፈሮችን ያቅፋል፤ የእኛን፣ ዳንፎርዝንና ከሸለቆው ማዶ ያለውን ፍሌሚንግደን ፓርክን። ሁሉም በአንድ አዳራሽ መሰብሰብ ስለማይችል፣ አባላት በየሰፈራቸው እጅ አውጥተው ይመርጣሉ፤ የየሰፈሩ ተወካይም በማግሥቱ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ የሰፈሩን አንድ ድምፅ ያሰማል። ሁለት ሰፈር ያገኘ ሊቀ መንበር ይሆናል። እኔ የሴንት ጄምስ ታውን ተወካይ የሆንኩት ቃለ ጉባኤ በአግባቡ ስለምይዝ ነበር። ይህን ስል ዛሬም ትንሽ ደስ ይለኛል።

ሰናይትን ያወቅኋት በቀብር ላይ ነው። አንድ የአገራችን ሰው፣ ሕመሙን የሚያስረዳለት አጥቶ ሆስፒታል ተኝቶ ከርሞ ሞተ። ዕድሩ በሙሉ ወጥቶ በክብር ቀበረው። ከቀብር መልስ፣ ሰው ሁሉ ንፍሮ እየዘገነ ሳለ፣ በሆስፒታል ጽዳት ሠርታ ማታ ነርስነት የምትማር አንዲት ልጅ ተነሣች።

«ለሬሳው ይህን ያህል ሰው ካለን፣» አለች፣ «ለአልጋው አንድ ሰው እንዴት አጣን?»

ንፍሮው እጄ ላይ ቀረ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰናይት የምትናገርበት ስብሰባ አምልጦኝ አያውቅም።

በዚያው ዓመት ለሊቀ መንበርነት ተወዳደረች፤ ዕድሩ የሞተን ብቻ ሳይሆን የታመመንም ይጠይቅ ብላ። ተፎካካሪዋ ዳንፎርዝ ላይ ምግብ ቤት የነበራቸው፣ ሳቃቸው ከማዶ የሚሰማው ጋሽ ተካ ነበሩ። የሦስቱ ሰፈር እጅ አንድ ላይ ሲደመር ሰናይት በግልጽ ትበልጣለች። ነገር ግን ብልጫዋ በሙሉ ከሰፈሯ ከፍሌሚንግደን የመጣ ነበር፤ ሁለቱን ሰፈሮች ጋሽ ተካ በጠባብ ልዩነት ወሰዱ። ብዙ ሰው የመረጣት ተሸነፈች። እኔም የሰፈሬን ድምፅ ለጋሽ ተካ አሰምቼ ተቀመጥኩ።

መተዳደሪያ ደንቡን ለማሻሻል የሦስቱም ሰፈር ስምምነት ያስፈልጋል፤ ዳንፎርዝ ደግሞ እሺ አይልም። ስለዚህ ደንቡን ሳልነካ መንገድ ፈለግሁ። «ሁለት ተወካዮች፣ ሰፈራቸው ማንንም ቢመርጥ፣ በጠቅላላው ብዙ እጅ ላገኘው ድምፃቸውን ለመስጠት ቃል ከገቡ፣ የሦስተኛው ፈቃድ አያስፈልግም።» ሰፈሬ ተወያይቶ ተቀበለው። የፍሌሚንግደን ተወካይ እማማ በላይነሽም ለሰናይት ሲሉ በደስታ ፈረሙ። የዳንፎርዙ ደረጀ ግን፣ እኩያዬ ነው፣ «አንተ ልጅ፣ ለአንዲት ቆንጆ ብለህ ሕገ መንግሥት ልታወጣልን ነው?» ብሎ አሳቀብኝ።

እውነቱን መናገሩን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልመሰለኝም ነበር።

በተከታዩ ዓመት የምርጫው ቀን በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ጣለ። የሸለቆው ዛፎች መስታወት የለበሱ ይመስሉ ነበር፤ አውቶቡሶች ቆሙ። ፍሌሚንግደን ያለ አውቶቡስ ከቤት አይወጣምና ለሰናይት እጅ ያወጡት ጥቂቶች ሆኑ፤ ቢሆንም ሰፈሩን አሸነፈች። በእኛም ሰፈር በጠባቡ አሸነፈች። ዳንፎርዝ ላይ ግን በዚያው ቅዳሜ የመንታ ልጆች ክርስትና ነበረ። ክርስትና የሚቀር ሰው የለምና ሰፈሩ በባቡርም በእግርም ግልብጥ ብሎ መጣ። ምርጫው የተካሄደው ከምሳ በኋላ ነው። ጋሽ ተካ ጭልፋውን እንደያዙ ፊት ለፊት ቆመው ሳሉ፣ ዶሮ ወጣቸውን በልቶ እጁን የማያወጣ ማን ነው? ይሉኝታ ሥራውን ሠራ።

እሑድ ዕለት በጉባኤው አዳራሽ ድምሩ ሲነበብ በወረቀቴ ላይ መልሼ ደመርኩት። በቀድሞው ልማድ ሰናይት ሁለት ሰፈር ይዛለች፤ አሸንፋለች። በእኔ ውል ግን አሸናፊው በጠቅላላው ብዙ እጅ ያገኙት ጋሽ ተካ ናቸው።

«እኔ የሰፈሬን ልጅ አሳልፌ አልሰጥም!» አሉ እማማ በላይነሽ ነጠላቸውን እያጣፉ። «ፈርመሻል ካላችሁኝ ፊርማዬን ቅደዱት!»

እንግዲህ ነገሩ በእኔ ላይ ወደቀ። ቃሌን ባጥፍ ሰናይት ትሾማለች፤ ብጠብቅ ትወድቃለች።

ደረጀ ከኋላ ሆኖ «ሕጉን አወጣኸው፣ እስቲ አሁን ብላው!» አለኝ፤ ሰው ሳቀ። ጋሽ ተካ ግን አልሳቁም። «ተወው እንጂ ልጁን!» ብለው ተቆጡና ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ እንዳሻህ አድርግ። እኔ እንደሆንኩ አልቀየምህም።»

ሰናይትን በመተላለፊያው አገኘኋት። የወረቀት ከረጢት ይዛለች፤ ውስጡ ለሾርባ ከሚሸጠው ገብስ የቆላችው ቆሎ ነው፤ ጥርስ ይፈትናል።

«ምን ላድርግ?» አልኳት።

«እኔን አትጠይቀኝ።»

«ካንቺ ሌላ ማንን ልጠይቅ?»

ፈገግ አለች። «ብጠይቅህ ታደርገዋለህ። እኔ የምፈራው እሱን ነው።»

ተመልሼ ገባሁ። ተነሥቼ የሴንት ጄምስ ታውንን ድምፅ በገባነው ቃል መሠረት ለአቶ ተካ ሰጠሁ። እማማ በላይነሽ እስከ ፋሲካ ሰላምታ ነሡኝ።

ሰናይት እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው አብራኝ ሄደች። አስፋልቱ ስለሚያንሸራትት ክንዴን ያዘች። የቀረውን ቆሎ እጄ ላይ ገለበጠችልኝ።

«ዛሬ ብትሾመኝ ኖሮ ሊቀ መንበር እሆን ነበር፣» አለች፣ «ከእንግዲህ ግን አንተን አላምንህም ነበር።»

ልነግራት የነበረው ነገር አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የፍሌሚንግደን አውቶቡስ ግን ያን ዕለት፣ ያን ዕለት ብቻ፣ ሳይዘገይ መጣ። በመስኮቱ እጇን አውለበለበችልኝ፤ መስታወቱ በትንፋሿ ደበዘዘ።

ጋሽ ተካ እንደ ተሾሙ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ሰናይትን አስጠርተው «የታመመ መጠየቁን አንቺ ምሪው» ማለት ነበር። እስከ በጋው መራችው፤ ከዚያ ለነርስነት ትምህርቷ ወደ ሩቋ ኤድመንተን ከተማ ሄደች፤ እዚያው ትዳር መያዟን ሰማሁ። እኔም ጊዜዬን ጠብቄ አገባሁ፤ መልካም ትዳር ነበር። ሆኖም ዛፎቹ በረዶ ሲለብሱ ዛሬም ክንዴ ላይ ያንን ክብደት እፈልገዋለሁ። ቆሎም ከየትም ገዝቼ እንደዚያ ጥርስ የሚፈትን አላገኘሁም። ቃሌን ባጥፍ ከእኔ ጋር ትቀር ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠይቄአለሁ። መልሱን እሷው በዚያ ማቆሚያ ሰጥታኝ ሄዳለች፤ እኔን የሚናፍቀኝም መልሱ ሳይሆን ድምፅዋ ነው።

ሩት ላፕቶፗን ዘግታ ታየኝ ነበር።

«እና ጋሼ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ማን ዊን አደረገ?»

ቃለ ጉባኤውን እኔው የያዝኩት ስለሆነ አልረሳሁትም። አቶ ተካ፣ በዳንፎርዝና በሴንት ጄምስ ታውን ድምፅ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ ተቃውሞ፣ የዕድሩ ሊቀ መንበር ሆነው ተመረጡ፤ ከጥምቀት ቀጥሎ በዋለው እሑድ።