ለኮች ኦልሰን ያየሁላቸው ጨዋታ

የአሜሪካን ፉትቦል ሕግ እስከ ዛሬ በወጉ አላውቅም። እንዲያም ሆኖ በፈረንጆቹ 2018 ነሐሴ ወር ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ወጣት ተጫዋች ጎበዝ ይሁን ሰነፍ እንድፈርድ ተጠይቄ ፈርጃለሁ። ያ ፍርዴ ያመጣብኝን ጣጣ ባስታወስኩ ቁጥር ብቻዬን መኪና ውስጥ እስቃለሁ። ሳቄን ስጨርስ ደግሞ ትንሽ አፍራለሁ።

ያኔ የምሠራው እዚህ አሜሪካ፣ ኩን ራፒድስ በምትባል ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ነበር። ሥራዬ አረጋውያንን ማጠብ፣ ማልበስና ማብላት ነው። እኔ በተመደብኩበት ኮሪደር መጨረሻ ላይ አንድ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሰውዬ ነበሩ። ስማቸውን ቀይሬ ኦልሰን ልበላቸው። ኦልሰን እዚህ አገር እንደ እኛ ከበደ ስለሆነ ማንንም አይጠቁምም። ዕድሜ ልካቸውን ወደ ሰሜን ባለች ትንሽ ከተማ የሃይስኩል ፉትቦል ሲያሠለጥኑ ኖረዋል፤ ስለዚህ ሁላችንም "ኮች" ነበር የምንላቸው። ስኳር በሽታ ዓይናቸውን ወስዶባቸዋል። ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር አያዩም።

ኮች ምስጋና የሚባል ነገር አያውቁም። አልጋቸውን አንጥፌ ስጨርስ አንሶላውን በእጃቸው ዳበስ ዳበስ ያደርጉና፣ "ጄኔት፣ የግራው ጥግ አልተወጠረም" ይላሉ። ስሜ ገነት ነው። ሦስት ጊዜ አርሜያቸው ተውኩት።

በዚያ በጋ ኮች መብላት አቆሙ። ምግብ ሳቀርብላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ክብደታቸው ሲወርድ ሱፐርቫይዘሬ ጠርታኝ፣ "እንደምንም ብለሽ አብያቸው፣ በዚህ ከቀጠሉ ሆስፒታል መላካችን ነው" አለችኝ። እንደምንም ማለት እንዴት እንደሆነ ግን አልነገረችኝም።

ኮችን የሚያነቃቸው አንድ ወሬ ብቻ ነበር፤ የካይል ወሬ። ይህም ትክክለኛ ስሙ አይደለም። ካይል እሳቸው በመጨረሻ ካሠለጠኗቸው ልጆች አንዱ ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲ ተጫውቶ ሲያበቃ የእኛው የከተማ ቡድን ለሙከራ ወስዶት ነበር። ኳርተርባክ ነው። ኳርተርባክ ማለት ኳሱን ከመሐል ተቀብሎ ለማን እንደሚወረውር የሚወስነው ተጫዋች ነው። ቡድኑ ከእሱ የሚበልጡ ሁለት ነበሩት። ሦስተኛ ሆኖ ይቅር ወይስ ይሰናበት የሚለው የሚለየው ዋናው ውድድር ከመጀመሩ በፊት በሚደረጉት ጨዋታዎች ነው።

"ውጤቱ ለማንም ምንም አይደለም" አሉኝ ኮች። "ለካይል ግን እንጀራው ነው።"

ካይል ስልክ አያነሳላቸውም ነበር። ቁጥሩን የምደውልላቸው እኔ ስለነበርኩ የሚተዉለትን ቮይስሜይል ሰምቻለሁ። "ካይል፣ ኮች ነኝ። ስትወረውር ግራ እግርህ አሁንም ይቀድማል።" በቃ፣ ይህችው ናት። እንደምን አለህ የለ፣ ደህና ሁን የለ። እኔም ብሆን አላነሳም ነበር።

ሐሙስ ዕለት ኮች ጠሩኝ።

"ቅዳሜ ካይል ይጫወታል። አንቺ ታዪልኛለሽ።"

"ኮች፣ እኔ ስለዚህ ጨዋታ ምንም አላውቅም" አልኳቸው።

"ለዚህ ነው የመረጥኩሽ። የሚያውቅ ሰው የሚነግረኝ ያየውን ሳይሆን ያሰበውን ነው። አንቺ ያየሽውን ትነግሪኛለሽ።"

ማታ ፊሊፕስ በሚባለው ሰፈር ወዳለው ቤቴ ገብቼ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄን አስረጂኝ አልኳት። ከስልኳ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ በእንግሊዝኛ፣ "ማም፣ ወርውሮ የራሱ ቡድን ሰው ከያዘው ጥሩ ነው። ሌላ ቀለም የለበሰ ሰው ከያዘው መጥፎ ነው። ዛትስ ኢት" አለችኝ። በዚህ እውቀት ነው እንግዲህ ለዳኝነት የተቀመጥኩት።

ቅዳሜ ምሳቸውን በትሬይ ይዤ ገባሁ። ዶሮ፣ የተፈጨ ድንችና ሾርባ ነው። ቴሌቪዥኑን ስከፍት ኮች ድምፁን አጥፊው አሉኝ። የሚያወሩት ሰዎች ያናድዷቸዋል። ካይል ከዕረፍት በኋላ እስኪገባ ድረስ አፋቸውን ዘግተው ጠበቁ። ሾርባው ቀዘቀዘ።

ካይል ገብቶ የመጀመሪያውን ኳስ ወረወረ። የራሱ ሰው ያዘው።

"የእኛ ሰው ያዘው!" አልኩ።

"እግሩስ?"

"ሁለቱም መሬት ላይ ናቸው፣ ኮች።"

ምን እንደሆነ አላውቅም፣ አፋቸውን ከፈቱ። ፈጥኜ አንድ ማንኪያ ድንች አጎረስኳቸው። ዋጡት። ከስንት ቀን በኋላ በራሳቸው ፈቃድ የጎረሱት የመጀመሪያው ጉርሻ ነበር። እንደምንም ማለት ለካ ይህ ኖሯል!

ሁለተኛው ኳስ ግን ሌላ ቀለም ከለበሰ ሰው እጅ ገባ።

"ወይኔ!" አልኩ ሳላስበው።

ኮች ጭንቅላታቸውን ቀና አደረጉ። "ዌይን ማነው?"

ማንኪያው በእጄ ነው። አፋቸው ተዘግቷል። "የእኛ ተጫዋች ነው" አልኩ።

"ዌይን ያዘው?"

"ያዘው።"

አፋቸውን ከፈቱ።

ከዚያ በኋላ መመለሻ አልነበረኝም። ካይል አንዱን ኳስ ሜዳውን አሳልፎ ተመልካቹ መቀመጫ ውስጥ ሲጥለው፣ "በጣም ሩቅ ወረወረ" አልኩ። እውነት ነው፣ ሩቅ ነው። አንድ ግዙፍ ሰው መጥቶ ሲወድቅበት "አቅፈው ይዘውታል" አልኩ። ኳሱን ለሁለተኛ ጊዜ ለባላጋራ ሲሰጥ እንደገና ወይኔ ብዬ ጮህኩና ዌይን እንደገና ያዘው። ሦስተኛም አለ። ያ በዓለም ላይ ያልነበረ ዌይን የዕለቱ ኮከብ ሆኖ ዋለ። ጨዋታው ሲያልቅ ካይል የራስ ቁሩን አውልቆ አንገቱን ደፍቶ ብቻውን ተቀምጦ አየሁት። ትሬዩ ላይ ደግሞ ከዶሮው አጥንት በቀር የቀረ ነገር አልነበረም።

ሱፐርቫይዘሬ አይታ ማመን አቃታት። ቻርቱ ላይ ሁሉንም እንደበሉ ጽፋ ትከሻዬን ቸብ አደረገችኝ።

ስመለስ ኮች ስልካቸውን አምጪ አሉኝ። "ቴክስት አድርጊልኝ፤ እንደምልሽ ጻፊ። ካይል፣ ጨዋታህን ተከታትያለሁ። ኮርቻለሁ። ኮች።"

ጣቴ መላኪያው ላይ ደርሶ ቆመ። በዚያች ደቂቃ እውነቱን መናገር እችል ነበር። "ኮች፣ ዋሽቼዎታለሁ" ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ነገር ግን ባዶውን ትሬይ አየሁ። የማታው ራትም ገና አልቀረበም። ላክሁት።

እሑድ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ የሚባለው ጎዳና አጠገብ ያለው ቸርቻችን ሄድኩ። ስለ ውሸቴ ልጸልይ ተንበረከክሁ፣ ግን እንዴት እንደምለው ቸገረኝ። ይቅር በለኝ ብዬ ሳልጨርስ፣ የሚቀጥለው ጨዋታ መቼ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ከጸሎት በኋላ ፓርኪንጉ ላይ የመዘምራኑ ልጆች ቆመው ስለ ጨዋታው ያወራሉ። አንደኛው፣ "ያ አዲሱ ኳርተርባክ ሻንጣውን ይሸክፍ! ሦስት ጊዜ አስረከበ እኮ፣ ዓይን የለውም እንዴ?" ይላል። እኔ መጥፎ መሆኑን እንጂ ይህን ያህል መጥፎ መሆኑን አላወቅሁም ነበር። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ሰኞ ጠዋት ሺፍቴን ከጀመርኩ ብዙም ሳይቆይ እንግዳ መቀበያው ላይ አንድ ረጅም ወጣት ቆሞ አየሁ። ኮፍያውን በእጁ ይዟል። ዓይኑ ቀልቷል። ቅዳሜ አንገቱን ደፍቶ ያየሁት ልጅ ነው።

"ኮች ኦልሰንን የምትንከባከበው ማናት?" አለ።

"እኔ ነኝ።"

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስንት ቀን ቀራቸው?"

"ለምኑ?"

ስልኩን አውጥቶ የላክሁትን ቴክስት አሳየኝ። "ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ሻምፒዮን ስንሆን እንኳ ጎበዝ ብለውኝ አያውቁም። ቅዳሜ በሕይወቴ እንደዚያ ተበላሽቼ አላውቅም፣ እሳቸው ኮርቻለሁ ብለው ጻፉልኝ። ሊሞቱ ነው፣ አእምሯቸውም ሄዷል ብዬ ነው የመጣሁት።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወደ ኮች ክፍል ስወስደው መንገድ ላይ ልነግረው አስቤ ነበር። ደግሞም ጀምሬ ነበር፤ "እየውልህ፣ ቅዳሜ ኮች አልበላም ብለው..." እያልኩ ሳለ ክፍሉ ደረስን። ኮች ገና በሩ ላይ ሳለን ጆሯቸውን አቀኑ።

"ካይል ነህ። አረማመድህን አውቀዋለሁ። ተቀመጥ።"

ልጁ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ እጃቸውን ሊይዝ ሲል ኮች እጃቸውን ሰበሰቡ። "ደህና ነኝ፣ አልታመምኩም። አሁን ቅዳሜ የሆነውን ከመጀመሪያዋ ኳስ ጀምረህ ንገረኝ።"

ካይል ወደ እኔ ዞረ። "ተከታትያለሁ ብለውኝ የለም እንዴ?"

"ጄኔት የነገረችኝ ስለ ዌይን ነው" አሉ ኮች። "ቡድናችሁ ውስጥ ዌይን የሚባል ሰው አለ?"

"የለም።"

"እኔም እንደሱ መስሎኝ ነበር።"

ኮች ፊታቸውን ወደ በሩ፣ ወደ እኔ አዞሩ። ግን አልተቆጡም፤ ትንሽ ፈገግ እንደማለት ያሉ መሰለኝ።

"አርባ ዓመት ሜዳ ዳር ቆሜያለሁ። የራሱ ሰው ኳስ ያዘልኝ ብሎ በዚያ ድምፅ የሚጮኽ ደጋፊ አልገጠመኝም። ለቅሶ ቤት ነበር የሚመስለው።"

"ታዲያ እያወቁ ለምን ኮርቻለሁ ብለው ጻፉልኝ?" አለ ካይል።

"ግራ እግርህ ይቀድማል ብዬ ስንት ጊዜ ደወልኩልህ?"

ልጁ ኮፍያውን እጁ ላይ አዞረ።

"መጣህ? አልመጣህም። አንዴ አመሰገንኩህ፣ ይኸው በሁለተኛው ቀን እዚህ ነህ።"

እኔ አንድ ነገር አልገባኝም። አፍሬ ብሆንም ሳልጠይቅ መውጣት አልቻልኩም። "ኮች፣ እንደዋሸሁ ካወቁ ምግቡን ለምን በሉ?"

"አሳዘንሽኝ" አሉ። "ማንኪያውን ይዘሽ ስትጨነቂ ይሰማኝ ነበር። ሾርባው አገጬ ላይ ይንጠባጠባል። እንቢ ብል ደግሞ ሌላ ተጫዋች መፍጠርሽ ነው።"

ካይል መጀመሪያ ለመሳቅ ፈራ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው፣ ሳቁ ደግሞ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፤ ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ። ኮች አላባበሉትም። እስኪጨርስ ጠበቁትና፣ "የመጀመሪያዋ ኳስ" አሉት።

አንድ በአንድ ተናገረ። ምንም አልደበቀም። የትኛውን ሰው ሳያይ እንደቀረ፣ የቱ ጋ እንደቸኮለ፣ ሦስተኛዋን ሲወረውር እንዴት ፈርቶ እንደነበር ሁሉ ነገራቸው። ኮች ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ከዚያ አስነሥተው አልጋውና ቁም ሣጥኑ መሐል አቆሙት፤ የታጠፈ ካልሲ አስይዘው ወርውር አሉት። የእግሩን ኮቴ ምንጣፉ ላይ እየሰሙ "ቀደመ... አሁንም ቀደመ" ይላሉ። ልጁ ላብ በላብ ሆነ። እኔ ካልሲውን እየለቀምኩ አቀብለው ነበር። ሌሎች ሦስት ክፍሎች እየጠበቁኝ እንደነበር ትዝ ያለኝ ሱፐርቫይዘሬ መጥታ በሩ ላይ ስትቆም ነው።

ምሳ ሳመጣ ኮች ማንኪያውን ከእጄ ወስደው በራሳቸው በሉ። ግማሹ ደረታቸው ላይ ፈሰሰ፣ ግድ አልሰጣቸውም።

እንደ ተረት ቢሆን ኖሮ ካይል ከዚያ በኋላ ጀግና ሆኖ ቡድኑ ውስጥ ይቀር ነበር። አልቀረም። የመጨረሻውን የሙከራ ጨዋታ ደህና ተጫወተ፤ ሌላ ቀለም የለበሰ ሰው አንድም ኳስ አልያዘም። በዚያው ሳምንት አሰናበቱት። እውነቱን ለኮች የነገራቸው ራሱ መጥቶ ነው። ኮች፣ "እግርህ ግን ተስተካክሏል" አሉት። እኔ ከእሳቸው አፍ የሰማሁት የመጀመሪያውና የመጨረሻው ምስጋና ይህ ነው፤ እሱም ሥራውን ካጣ በኋላ።

ካይል አሁን የጭነት መኪና ሻጭ ነው። ኮች በተከታዩ ዓመት መጋቢት ላይ እስኪያርፉ ድረስ በየሳምንቱ እየመጣ ያያቸው ነበር። ያረፉ ዕለት ቤተሰቦቻቸው ከመድረሳቸው በፊት አጠገባቸው የነበርነው እሱና እኔ ነን።

እኔ ዛሬም እዚያው ሥራ ላይ ነኝ። ብዙ ጊዜ እነዚህን ሰዎች የምረዳቸው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከኮች በኋላ ግን አንድ እምቢተኛ አዛውንት ድንገት እሺ ብለው ሲታዘዙልኝ እንደ ድሮው ዝም ብዬ አልደሰትም። ራባቸው ወይስ አዘኑልኝ እያልኩ ፊታቸውን አያለሁ።